በሆድ ላይ የሚታዩ ያበጡ የደም ሥሮች፦ ስለ ጉበት ሕመም ምን ይነግሩናል?



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ በመድረክ ላይ ብዙም አይነሣም። ነገር ግን ሆዱ ተነፍቶ፣ ክንዱና ትከሻው ከስቶ፣ በእምብርቱ ዙሪያ ሰማያዊ የደም ሥሮች ተገትረው የወጡበት ሰው ለጸሎት ሲቀርብ ያላየ አገልጋይ ጥቂት ነው። ቤተሰቡ ደንግጧል፤ ጎረቤትም የየራሱን ግምት ይሰጣል። አንዱ «መድኃኒት አብልተውት ነው» ይላል። ሌላው «የቤተሰብ እርግማን ነው» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ተደብቆ ይጠጣ ነበር» ይላል። በዚህ መካከል ቀናትና ሳምንታት ያልፋሉ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ ነገር ግልጽ ማድረግ ነው። በእምብርት ዙሪያ የተገተሩት የደም ሥሮች፣ ደም በጉበት ውስጥ ማለፍ አቅቶት ሌላ መንገድ እንደ ፈለገ የሚያሳዩ ምልክቶች ናቸው። ምልክቱ ዘግይቶ የሚመጣ ቢሆንም ሰውየውን ለመርዳት የሚቻልበት በር ገና አልተዘጋም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ወገን ስናይ ልንጸልይለትም፣ ወደ ሐኪም ልናደርሰውም ይገባናል፤ ሁለቱም ሳይዘገዩ።

ጉበትና ወደ እርሱ የሚገባው ደም

ጉበት በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንት ሥር የሚገኝ፣ በአዋቂ ሰው 1.5 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን የአካል ክፍል ነው። የበላነው ምግብ በአንጀት ውስጥ ተፈጭቶ ወደ ደም ይገባል፤ ያ ደም ግን በቀጥታ ወደ ልብ አይሄድም። ከጨጓራ፣ ከአንጀት፣ ከቆሽትና ከጣፊያ የሚመጣው ደም ተሰብስቦ፣ ሐኪሞች «ፖርታል ቬን» በሚሉት ትልቅ የደም ሥር በኩል መጀመሪያ ወደ ጉበት ይገባል። ጉበት ከሚያገኘው ደም ከአራት እጅ ሦስቱ የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው።

ጉበት በዚያ እንደ ኬላ ሆኖ ይፈትሻል። ጠቃሚውን ያከማቻል፤ መርዛማውን ያመክናል፤ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ ንጥረ ነገሮችን ይሠራል፤ ውኃ ከደም ሥር እንዳይወጣ የሚይዘውን አልቡሚን የተባለ ፕሮቲንም ያመርታል። ከዚህ በኋላ ደሙ ወደ ልብ ያልፋል።

ጤናማ ጉበት ለስላሳ ስለሆነ ደሙ ያለ ችግር ያልፍበታል። ለብዙ ዓመታት ደጋግሞ ሲቆስል ግን በቁስሉ ቦታ ጠባሳ ይተካል። ጠባሳው በዝቶ ጉበቱን በሙሉ ሲያጠጥረውና ሲያጎረብጠው በሽታው «ሲሮሲስ» ይባላል። ይህ በአንድ ሌሊት የሚሆን አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ዐሥርና ሃያ ዓመት ከዚያም በላይ ይፈጃል። በእነዚህ ዓመታት ሰውየው ምንም ሕመም ላይሰማው ይችላል።

ወንዝ ሲገደብ

ወንዝ ሲገደብ ውኃው ቆሞ አይቀርም። መጀመሪያ ወደ ኋላ ይሞላል፤ ከዚያም በቀኝም በግራም ቦይ ፈልጎ ይፈስሳል። በጠጠረ ጉበት ፊት የሚሆነውም ይኸው ነው። በፖርታል ቬን ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ ጣፊያ በተጠራቀመው ደም ያብጣል፤ ደሙም ወደ ልብ የሚመለስበት ሌላ መንገድ ይፈልጋል።

ከሚያገኛቸው መንገዶች አንዱ በእምብርት በኩል ያልፋል። በእናታችን ማኅፀን ሳለን ምግብና ኦክስጅን የያዘ ደም ከእንግዴ ልጁ ተነሥቶ በእትብት በኩል ወደ ጉበታችን ይመጣ ነበር። ስንወለድ እትብቱ ይቆረጣል፤ ያ መንገድም ተዘግቶ እንደ ጅማት ይቀራል። በአጠገቡ ያሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ግን አሉ። በጉበት በኩል ያለው ግፊት ሲበረታ እነዚህ ይሰፉና ደሙን ወደ እምብርት፣ ከእምብርትም ከቆዳ ሥር ወዳሉት የደም ሥሮች ያሳልፋሉ። እነርሱም ያብጡና ከእምብርት ተነሥተው ወደ ላይ ወደ ደረት፣ ወደ ታችም ወደ ብሽሽት ተዘርግተው ይታያሉ።

የቀድሞ ሐኪሞች ይህን ሲያዩ በግሪኮች ተረት ውስጥ ጠጉሯ እባብ የሆነው ሜዱሳ ትዝ ስላለቻቸው፣ ምልክቱን በላቲን «ካፑት ሜዱሴ» ማለትም «የሜዱሳ ራስ» ብለው ጠሩት። ስሙ ከተረት ይወሰድ እንጂ ነገሩ ከእባብም ሆነ ከእባብ መንፈስ ጋር አንዳች ግንኙነት የለውም። አቅጣጫውን የቀየረ ደም ነው።

በሆድ ላይ የሚታዩት የደም ሥሮች ራሳቸው ብዙውን ጊዜ አይገድሉም። አደገኛዎቹ የማይታዩት ናቸው። ያው ግፊት በምግብ ቧንቧ ታችኛ ክፍልና በጨጓራ ውስጥም የደም ሥሮችን ያሳብጣል። ሲሮሲስ ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ እንዲህ ያሉ የደም ሥሮች በምግብ ቧንቧቸው ውስጥ አሏቸው። ግድግዳቸው ቀጭን ስለሆነ በድንገት ሊፈነዱ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ሰውየው ደም ያስታውካል፣ ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ይወጣዋል። በሆድ ላይ ያለውን ስናይ በውስጥም እንዲህ ያለ ነገር ሊኖር እንደሚችል ማሰብ ያለብን ለዚህ ነው።

የደም ሥር የታየበት ሁሉ የጉበት በሽተኛ ነውን?

አይደለም። ቆዳቸው ስስ የሆነ፣ ከሲታ ሰዎች፣ ከባድ የጉልበት ሥራ ወይም ስፖርት የሚሠሩና ነፍሰ ጡር ሴቶች ምንም ሕመም ሳይኖርባቸው የሆዳቸው የደም ሥሮች ሊታዩ ይችላሉ። ከሆድ ወደ ልብ የሚሄደው ትልቁ የደም ሥር ሲዘጋም በሆድ ላይ የደም ሥሮች ያብጣሉ። ሐኪሙ የደም ሥሩን በሁለት ጣቱ ተጭኖ ደሙ ከየት ወደ የት እንደሚሞላ ያያል። ከጉበት የተነሣ ከሆነ ከእምብርት በታች ያለው ደም ወደ እግር አቅጣጫ ይወርዳል፤ ትልቁ የደም ሥር ተዘግቶ ከሆነ ግን ወደ ላይ ይወጣል። ከዚያም በአልትራሳውንድና በደም ምርመራ ያረጋግጣል። ስለዚህ በመስታወት ፊት ቆማችሁ በራሳችሁ ላይ አትፍረዱ፤ ወይም «ምንም አይደለም» ብላችሁ አትተዉት።

የጉበት ሕመም ሲሆን ብዙ ጊዜ ሌሎች ምልክቶችም አብረው ይታያሉ፦

- ሆድ ውኃ ቋጥሮ መነፋት፣ የእግር እብጠት
- የዓይን ነጭ ክፍል ቢጫ መሆን፣ ይህም በተለምዶ «የወፍ በሽታ» የምንለው ነው
- የሽንት መጥቆር፣ የሰውነት ማሳከክ
- የጡንቻ መክሳት፣ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት
- በደረትና በትከሻ ላይ እንደ ሸረሪት እግር የተዘረጉ ጥቃቅን ቀይ ሥሮች፣ በወንዶች ላይ የጡት ማበጥ
- የድድና የአፍንጫ መድማት

ከእነዚህ ጋር ደም ማስታወክ፣ ጥቁር ሰገራ፣ ሆድ ውኃ ቋጥሮ ሳለ ትኩሳትና የሆድ ሕመም፣ ወይም የአእምሮ መደናገር ከተጨመረ ለነገ የሚባል አይደለም። በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት፤ ሌሊት ቢሆንም።

ጉበትን የሚያጠጥረው ምንድን ነው?

በአፍሪካ ዋነኛው ምክንያት ሄፓታይተስ ቢ የተባለ ቫይረስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 254 ሚሊዮን ሰዎች ከሄፓታይተስ ቢ፣ 50 ሚሊዮን ሰዎች ደግሞ ከሄፓታይተስ ሲ ጋር እንደሚኖሩ፣ በዚያው ዓመትም 1.3 ሚሊዮን ሰዎች በቫይረስ ሄፓታይተስ እንደ ሞቱ ገልጿል። ሄፓታይተስ ቢ የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ነው። ምላጭ በጋራ መጠቀም፣ ባልተቀቀለ መሣሪያ መገረዝ፣ ጆሮ መብሳት፣ እንጥል ማስቆረጥና መነቀስም ያስተላልፋሉ። አንድ ሕፃን ሲወለድ ቢያዝ ቫይረሱ ዕድሜ ልክ አብሮት የመኖር ዕድሉ 90 በመቶ ያህል ነው፤ በአዋቂነቱ የተያዘ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ያስወግደዋል። ስለዚህ በ35 ዓመቱ ሆዱ ያበጠው ወንድም በሽታውን ከልደቱ ቀን ጀምሮ ይዞት ኖሮ ሊሆን ይችላል።

ሄፓታይተስ ሲ በዋናነት በደም ይተላለፋል። ይህ በሽታ ክትባት ባይኖረውም ዛሬ ከ8 እስከ 12 ሳምንት በሚዋጥ ኪኒን ከ100 ሰው ከ95 በላይ የሚሆነው ፈጽሞ ይድናል። ቫይረሱን ያገኙት ሦስት ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2020 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

ሦስተኛው የአልኮል መጠጥ ነው። አረቄ፣ ጠጅም ሆነ ቢራ ለብዙ ዓመት በብዛት ሲጠጣ ጉበትን ያጠጥራል። ሄፓታይተስ ባለበት ሰው ላይ ሲጨመር ደግሞ ጉዳቱን ያፋጥነዋል። ከመጠን ያለፈ ውፍረትና የስኳር በሽታም በጉበት ላይ ስብ አከማችተው ያው ቦታ ያደርሱታል፤ ይህ በተለይ በከተማና በውጭ አገር ለምንኖር የሚጠቅም ማሳሰቢያ ነው።

አራተኛው በአገራችን በደንብ የሚታወቀው ቢልሃርዚያ ነው። በጣና ሐይቅ ዙሪያ፣ በዝዋይና በሐዋሳ አካባቢ፣ በመስኖ እርሻዎችና በብዙ ወንዞች ዳር ይገኛል። ትሉ በውኃ ውስጥ ካሉ ቀንድ አውጣዎች ይወጣና ውኃ ውስጥ የገባውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ከዚያም በአንጀት የደም ሥሮች ውስጥ እየኖረ እንቁላል ይጥላል፤ እንቁላሉም በደም ተወስዶ በጉበት ውስጥ ባሉት የፖርታል ቬን ቅርንጫፎች ላይ ይቀረቀርና ጠባሳ ያመጣል። በዚህ ሕመም የጉበቱ ሥራ ብዙም ሳይጎዳ ግፊቱ ብቻ በጣም ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ ገና ጎልማሳ የሆነ ጠንካራ ገበሬ በድንገት ደም ሊያስታውክ ይችላል። ፕራዚኳንቴል የሚባለው መድኃኒት ትሉን ይገድላል፤ በጊዜ ከተወሰደ ጉበቱን ያድናል።

እዚህ ላይ የአገራችንን ልጅ ዶክተር አክሊሉ ለማን ሳናነሣ አናልፍም። እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው ውኃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እናቶቻችን ለዘመናት በእጃቸው የያዙት እንዶድ በሽታውን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያረጋገጡት በዚህ ነው። በኋላም ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ተቀብለዋል።

ሌላም የምንማርበት ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በሰሜን ምዕራብ ትግራይ በአንድ መንደር ሆድ የሚያሳብጥ ምንነቱ ያልታወቀ የጉበት በሽታ ተነሣ፤ ብዙ ሰዎችም ሞቱ። ተመራማሪዎች ለዓመታት ከመረመሩ በኋላ ከእህል ጋር የሚቀላቀል የአረም መርዝ ጉበትን እንደሚጎዳ ደረሱበት። ነዋሪዎቹን ይጎዳ የነበረው በማዕዳቸው ላይ የነበረ፣ በዓይን የማይለይ ነገር ነበር። ከባሕል መድኃኒቶችም መካከል ጉበትን የሚመርዙ አሉ። ዓይናችን ቢጫ ሲሆን ምንነቱ ያልታወቀ ቅጠል ጨምቆ መጠጣት የቆሰለውን ጉበት እንደገና ማቁሰል ሊሆን ይችላል። ሆድን በጋለ ብረት መተኮስም ሆነ ዋግምት እንዲሁ አደገኛ ነው፤ ጉበቱ የታመመ ሰው ደሙ ቶሎ አይረጋምና።

በመካከላችን የሚሰሙ ሦስት አባባሎች

አንደኛው «ተደብቆ ይጠጣ ነበር» የሚለው ነው። ከላይ እንዳየነው ሲሮሲስ ከያዛቸው ወገኖቻችን ብዙዎቹ መጠጥ ቀምሰው የማያውቁ ናቸው። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ማን እንደ ሠራው ኃጢአት ሲጠይቁ ጌታ አሳባቸውን አልተቀበለም (ዮሐንስ 9፥1-3)። በሐሜት ምክንያት ስንት ወንድሞች ሆዳቸውን በጋቢ ሸፍነው ከጉባኤ እንደ ቀሩ እግዚአብሔር ያውቃል። የጠጣም ቢሆን እንኳ ታማሚ ነው። ጌታ ኃጢአተኛውን አልራቀም፤ እኛም ልንርቀው አይገባም።

ሁለተኛው «ጋኔን ነው» የሚለው ነው። ይህን በጥንቃቄ እንመልከተው። እኛ መጽሐፍ ቅዱስን የምናምን ሰዎች ክፉ መናፍስት የሉም አንልም። ነገር ግን ጉበት መርዙን ማጣራት ሲያቅተው መርዙ ወደ አንጎል ይደርሳል። ያን ጊዜ ሰውየው ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ይነቃል፤ ጠባዩ ይለወጣል፤ ያለ ቦታው ይናገራል፤ ይቆጣል፤ የዘረጋቸው እጆቹ እንደ ክንፍ ይርገበገባሉ፤ የገዛ ልጆቹንም ስም ይረሳል። በዚህ ሁኔታ ያለን ሰው አቁሞ ለሰዓታት መጮኽ፣ መግፋትና መጣል፣ ሆዱንም መጫን ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል። ይህ መደናገር የሚታከም ነው። የሆድ ድርቀት፣ ኢንፌክሽን ወይም የውስጥ መድማት ያስነሣው ይሆናል፤ ሐኪሞች መንስኤውን አግኝተው ላክቱሎስ በሚባል ሽሮፕና በሌሎች መድኃኒቶች ሲያክሙት ብዙ ሰው በቀናት ውስጥ ወደ ልቡናው ይመለሳል። ስለዚህ ሆዱ ያበጠ ወይም ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ሲደናገር መጀመሪያ አምቡላንስ ይጠራ፤ ጸሎቱም በመንገድ ላይ ይቀጥል።

ሦስተኛው «መድኃኒት መውሰድ የእምነት ማነስ ነው» የሚለው ነው። ንጉሡ ሕዝቅያስ ጸልዮ 15 ዓመት እንደሚጨመርለት ከእግዚአብሔር ቃል ከተቀበለ በኋላ ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲያደርጉ አዘዘ (ኢሳይያስ 38፥5 እና 21)። ሐዋርያው ጳውሎስ በእጁ ድንቅ የሚደረግለት ሰው ሳለ ጥሮፊሞስን ታሞ በሚሊጢን ተወው (2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥20)፤ እምነት የለህም ብሎም አልወቀሰው። ያዕቆብም ሽማግሌዎች ዘይት ቀብተው ይጸልዩ ሲል (ያዕቆብ 5፥14) ሐኪም አትጥሩ አላለም። ጌታ ሊፈውስ ይችላል፤ ይፈውሳልም። ለምጻሙን ከፈወሰው በኋላ ሄዶ ራሱን ለካህን እንዲያሳይ አዘዘው (ሉቃስ 5፥14)። በጸሎት የተፈወሰ ሰውም ለሐኪሙ ራሱን ቢያሳይ ምስክርነቱ ይጸናል እንጂ አይጎድልም። የሄፓታይተስ ቢ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ቫይረሱ ተቀስቅሶ ጉበቱን በሳምንታት ውስጥ ሊያደክመው እንደሚችል ግን ልናውቅ ይገባል። ስለዚህ ማንም አገልጋይ «ኪኒንህን ጣል» የሚል ቃል ከአፉ ሊወጣ አይገባም።

ለታማሚውና ለቤተሰቡ

ሐኪሙ ብዙ ጊዜ ኢንዶስኮፒ ያዛል። ይህም ቀጭን ቱቦ በአፍ አስገብቶ የምግብ ቧንቧውንና ጨጓራውን ማየት ነው። ያበጠ የደም ሥር ከተገኘ ሳይፈነዳ በላስቲክ ቀለበት ይታሰራል፤ ወይም ፕሮፕራኖሎልን የመሰለ ግፊቱን የሚቀንስ ኪኒን ይሰጣል። የተቋጠረው ውኃ በሚያሸና መድኃኒት ይቀነሳል፤ ሲበዛም በመርፌ ይቀዳል። ዋናው መንስኤ ሲታከም፣ ማለትም ቫይረሱ በመድኃኒት ሲገታ ወይም መጠጡ ሲቆም፣ ጠጥሮ የነበረ ጉበት እንኳ በከፊል ሊያገግም ይችላል።

በቤት ውስጥ ደግሞ እነዚህን ጠብቁ። ሆዱ ውኃ የቋጠረ ሰው ጨው ይቀንስ። የአልኮል መጠጥ ፈጽሞ አይቅመስ። ለራስ ምታትና ለወገብ ሕመም እንደ ቀላል ከፋርማሲ የምንገዛቸው ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ለእርሱ አደገኛ ናቸው፤ ኩላሊቱን ይጎዳሉ፣ ደምም ያስነሡበታል። እንቁላል፣ ባቄላ፣ ምስርና ሽሮ አትከልክሉት፤ ጡንቻው እየከሳ ነውና ፕሮቲን ያስፈልገዋል።

ስለ ጾምም አንድ ቃል እንናገር። የጾም ጸሎት በቤተ ክርስቲያናችን የተወደደ ልማድ ነው። ሲሮሲስ ያለበት ሰው ግን ጉበቱ ስንቅ ማስቀመጥ ስለማይችል አንድ ሌሊት ሳይበላ ማደር ብቻውን ሰውነቱን እንደ ረጅም ጾም ይጎዳዋል። ሐኪሞች ከመተኛቱ በፊት እንኳ ጥቂት እንዲበላ የሚመክሩት ለዚህ ነው። ስለዚህ ለእርሱ ሦስት ቀን እንጹምለት፤ እርሱ ግን ይብላ።

ቤተ ክርስቲያን ምን ልታደርግ ትችላለች?

የመጀመሪያው ምርመራ ነው። ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ከጋብቻ በፊት የኤች አይ ቪ ምርመራ ይጠይቃሉ። የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ አብሮ ቢደረግ እንዴት መልካም ነው! ውጤቱ ተጋቢዎችን ለመለያየት ሊውል አይገባም። አንዱ ቢገኝበት ሌላው ይከተባል፤ ክትባቱም ከ100 ሰው 95ቱን ያህል ይጠብቃል። ነፍሰ ጡር እናቶችም ይመርመሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ እያንዳንዱ ሕፃን በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲከተብ ይመክራል። በአገራችን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ይኸው ክትባት ሕፃናት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው ከሚወስዱት ክትባት ጋር ተካቷል። ከዚያ በፊት የተወለድን ግን አብዛኞቻችን አልተከተብንም።

ወደ አረብ አገር ለመሄድ ሲመረመሩ «ሜዲካል ወደቅሁ» ብለው ያለቀሱ እኅቶችና ወንድሞች በየቤታችን አሉ። ከእነርሱ ብዙዎቹ የጉበት ቫይረስ እንደ ተገኘባቸው በዚያ ቀን ሰምተው፣ በኀፍረት ወረቀቱን ደብቀው ተቀምጠዋል። ያ ወረቀት ለጉዞ መዘጋት ሆኖ ይታይ እንጂ ለሕይወት ማስጠንቀቂያ ነው። በየ6 ወሩ የሚደረግ ክትትል ሆዳቸው ሳያብጥ፣ የደም ሥራቸው ሳይገተር በፊት ሊያድናቸው ይችላል። እንዲህ ያለች እኅት በአጥቢያችሁ ካለች ወደ ጤና ተቋም አብራችኋት ሂዱ። በአሜሪካ የምትኖሩም ብትሆኑ፣ የዚያ አገር የጤና ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2023 ማንኛውም አዋቂ ሰው ቢያንስ አንድ ጊዜ ለሄፓታይተስ ቢ እንዲመረመር መክሯልና ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ሁለተኛው ፍርሃትን ማስወገድ ነው። ሄፓታይተስ ቢ አብሮ በመብላት፣ በመተቃቀፍ፣ በመጨባበጥም ሆነ የጌታን እራት ከአንድ ጽዋ በመካፈል አይተላለፍም። ስለዚህ ከማዕድ የሚገለል ወገን አይኑር።

ሦስተኛው ጥምቀትን ይመለከታል። ቢልሃርዚያ ባለበት አካባቢ በሐይቅ ዳርና በረጋ ውኃ የምታጠምቁ አገልጋዮች የአካባቢያችሁን የጤና ጣቢያ አማክሩ። ከወንዝ የተቀዳ ውኃ ቀንድ አውጣ በሌለበት ገንዳ ውስጥ 2 ቀን ቢቆይ ትሉ ይሞታል። አዲስ አማኝን ከበሽታ ጠብቆ ማጥመቅ ከእረኝነት ሥራ አንዱ ነው።

አራተኛው መቅረብ ነው። በሽታው እጅግ የገፋባቸውና ሕክምና ሊመልሳቸው የማይችላቸው አሉ። ለእነዚህ ወገኖች በየሳምንቱ አዲስ የፈውስ ቀን እየቀጠርን ቤተሰቡ ያለውን ሁሉ ሸጦ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዲንከራተት ማድረግ ፍቅር አይደለም። እጃቸውን ይዘን እንጸልይ፤ ስለ ትንሣኤ ተስፋ እንንገራቸው፤ ለትራንስፖርትና ለመድኃኒት እናዋጣ፤ ሌሊት ተራ ገብተን እናስታምም። ልጆቻቸውና የትዳር ጓደኞቻቸው እንዲመረመሩም እንርዳ፤ የአንዱ ሕመም ለቤተሰቡ መዳኛ ሊሆን ይችላልና።

በጉድጓድ የወደቀውን ማውጣት

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 መጀመሪያ ላይ ጌታ ኢየሱስ በአንድ የፈሪሳውያን አለቃ ቤት በሰንበት ሊበላ ገባ። በፊቱም ሰውነቱ ውኃ ቋጥሮ ያበጠ ሰው ነበረ። ይህ ሕመም በአዲስ ኪዳን ውስጥ በስም የተጠቀሰው በዚህ ቦታ ብቻ ነው፤ የጻፈውም ጳውሎስ ሐኪም ብሎ የጠራው ሉቃስ ነው (ቆላስይስ 4፥14)። የእብጠቱ ምክንያት ጉበት ይሁን ልብ ወይም ኩላሊት አልተጻፈም። በዚያ የነበሩት ሰዎች ዓይናቸው በጌታ ላይ ነበረ፤ የሚከስሱበትን ይፈልጋሉ። ጌታ ግን ያዘው፣ ፈወሰውና አሰናበተው። ከዚያም ልጁ ወይም በሬው በጉድጓድ ቢወድቅበት ሰንበት ነው ብሎ የሚጠብቅ እንዳለ ጠየቃቸው፤ መልስም አልነበራቸውም።

በሬ ጉድጓድ ሲገባ ገበሬ እንዴት እንደ ገባ ሲከራከር አይውልም። ገመድ ያመጣል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ያወጣዋል። በእምብርቱ ዙሪያ የደም ሥሩ የተገተረ ወንድም፣ ሆዷ የተነፋ እኅት በመካከላችሁ ካሉ ዛሬውኑ አነጋግሯቸው። ነገ ጠዋት ማን አብሯቸው ሆስፒታል እንደሚሄድ፣ ካርድ ማን እንደሚያወጣ፣ ልጆቹን ማን እንደሚጠብቅ ተነጋገሩ። እየጸለያችሁ ውሰዷቸው።

የፈውስ ሁሉ ባለቤት የሆነው እግዚአብሔር የታመሙትን ይጎብኝ፤ ለሐኪሞች ጥበብን፣ ለእኛም ፈጥኖ የሚደርስ እግርን ይስጠን። ተባረኩ።